የሰፈር ኦርጋኒክ አትክልት ቤትና ጁስ ቤት፦ ደንበኞች ምን አጋጠማችሁ?

የገርጂዋ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ «ኦርጋኒክ» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ትናንሽ አትክልት ቤቶች እየበዙ ነው። በአንድ በኩል ጎመን፣ ካሮት፣ ፍራፍሬ፣ ማር፣ ተልባና የሐበሻ እንቁላል ይሸጣል፤ በሌላው በኩል ዱካ ተደርድሮ ጁስ ይጠጣል። እኔ ሰፈሬ ያለው የአንዱ ቋሚ ደንበኛ ነኝ። ያየሁትን ልጻፍና የእናንተንም ልስማ። አንድ ልመና አለኝ፦ የሱቅ ስም አንጥራ። ስም ከተጠራ ነገሩ ወደ ጠብ ይሄድና ቁም ነገሩ ይቀራል።

እኔን ደንበኛ ያደረገኝ ሰሌዳዋ ነው። ባለቤቷ ወጣት ልጅ ናት፤ በየሣጥኑ ላይ ዕቃው ከየት እንደመጣ በጠመኔ ትጽፋለች። «ጎመን፣ ሆለታ፣ በኮምፖስት የበቀለ።» «ሙዝ፣ አርባ ምንጭ።» «ቲማቲም፣ መቂ፣ የተረጨ።» ይህን የመጨረሻውን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ኦርጋኒክ ነኝ የሚል ሱቅ «የተረጨ» ብሎ ሲጽፍ ሌላ ቦታ አላየሁም። ስጠይቃት «ያልተረጨ ቲማቲም ሁልጊዜ አላገኝም። ደንበኛዬ ቲማቲም ፍለጋ ሌላ ቦታ ከሚሄድ አመጣለሁ፤ ግን ምን እንደሆነ አውቆ ይግዛ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጎመኑ ንጹሕ ነው ስትለኝ አምናታለሁ።

ቅር የሚለኝም አለ። ቆስጣና ጎመኑ ጉሊት ከምንገዛው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይወደዳል። ጁሱ ወፍራምና ትኩስ ነው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ ስኳር ይገባበታል። «አይጨመርብኝ» ማለት ያለበት ደንበኛው ነው፤ ይህ መገልበጥ ነበረበት።

እናንተስ? እንዲህ ያለ ሱቅ ስትገቡ ምን ታያላችሁ? ምንስ ትጠይቃላችሁ?


ስፕሪስ ወዳጅ | ሰኞ ማታ 3፡05

ስለ ጁሱ እኔ ልናገር። ቤቱን መፈተን ከፈለግሽ ስፕሪስ እዘዢ። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተራ በተራ ሲቀዱ ንብርብራቸው ጠርቶ ከቆመ ፍራፍሬው በቂ ነው ማለት ነው። ውሃ ወይም በረዶ ከበዛበት ብርጭቆው ውስጥ ገና ሳይደርስሽ ተደባልቆ አንድ መልክ ይይዛል። ሁለተኛው ምልክት ቪምቶ ነው። ከላይ ትንሽ ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግማሽ ብርጭቆው ቀይ ሆኖ ከመጣ ግን ጣዕም ያጣ ፍራፍሬ እየሸፈኑ ነው። ሎሚው ደግሞ እዚያው ዓይንሽ እያየ ይጨመቅ።

ሦስተኛ፣ ወቅት። ማንጎ በብዛት የሚገባው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው የማንጎ ጁስ የሚያቀርብ ቤት ካለ፣ ከምን እንደሚሠራው ጠይቂ። «ዛሬ ማንጎ የለም፣ ዘይቱን ልስጥሽ» የሚል ቤት ለእኔ ጥሩ ቤት ነው።


ሳሪስ አቦ | ሰኞ ማታ 3፡30

እኔ በዚህ ነገር ተጎድቻለሁ። የነበርኩበት ሰፈር አንድ እንዲህ ያለ ሱቅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ልጄ ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ይወጣባት ስለነበር «ያለ ኬሚካል የበቀለ» የተባለውን ሁሉ እየገዛን ከደመወዛችን ቆንጥረን እንከፍል ነበር። አንድ ቀን በማለዳ ለሥራ ስወጣ ኃይሌ ጋርመንት ካለው አትክልት ተራ የመጣ አይሱዙ እዚያው ሱቅ በር ላይ ሲያራግፍ አገኘሁት። ከዚያ ሹፌር ላይ ጉሊት የሚሸጡት እናቶችም ይረከባሉ። ያው ቲማቲም፣ ያው ጥቅል ጎመን ነው። የተለየው ቅርጫቱና ዋጋው ብቻ ነበር።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ አብዛኛው የከተማው አትክልት የሚያልፈው በዚያ በር ነው። አንዴ እዚያ ከተደባለቀ የየትኛው ገበሬ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ «ኦርጋኒክ» የሚል ታፔላ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ጫነው?» ብዬ ነው። መልሱ «አምጪ አለን» ብቻ ከሆነ እወጣለሁ።


የገርጂዋ | ሰኞ ማታ 3፡42

ወንድሜ ሳሪስ፣ በልጅ ጤና ሲመጣ ያናድዳል። ጥያቄህን እወስደዋለሁ፤ «ማን ጫነው» ማለት «ኦርጋኒክ ነው ወይ» ከማለት ይሻላል። ለሁለተኛው ሁሉም አዎ ይላል።


ከዝዋይ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ከመቂ እስከ ባቱ ባለው የመስኖ ማሳ ላይ ነው። ስለ ቲማቲም ጥቂት ልበል፤ ሰው ገበሬውን ብቻ ሲወቅስ ስለማይ።

የቲማቲም ጠላቱ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ብል ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰ። ትሏ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ እየበላች ፍሬው ድረስ ትገባለች፤ ዝም ከተባለች ማሳውን በሙሉ ታወድማለች። በዝናብ ወቅት ደግሞ ዋግ አለ፤ ለእሱ ማንኮዜብ የሚባለው ፀረ ፈንገስ ይረጫል። ማንኮዜብን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ ቀርቶ ከገበያው አስወጥቶታል፤ እኛ ዘንድ አሁንም በሰፊው ይሠራበታል። ገበሬው መሬት ተከራይቶ፣ ለፓምፕ ነዳጅ ገዝቶ፣ ተበድሮ የዘራ ነው። አትርጭ ብትለው ዕዳውን ማን ይከፍልለታል?

እኔን የሚያስጨንቀኝ መርጨቱ ሳይሆን የመጨረሻው ርጭት ከለቀማ ጋር ያለው ርቀት ነው። በእያንዳንዱ መድኃኒት እሽግ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ተጽፏል። ይሁን እንጂ ዋጋ ሲወጣ ደላላ ይደውላል፣ መኪና ነገ ይመጣል ይባላል፣ ቀኑ ሳይሞላ ይለቀማል። ስለዚህ ባለሱቋ «የተረጨ» ብላ መጻፏ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ጥያቄ ይቀራታል፦ መቼ የተረጨ? ከገበሬው ጋር በስልክ የምትገናኝ ከሆነ ይህን ማወቅ ትችላለች።

ከሁሉም ብዙ የሚረጭባቸው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ናቸው። በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮ ከእንሰትና ከቡና ጋር የሚበቅለው አቮካዶ ግን መርጫ እንኳ በአጠገቡ የማያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ዱባና ስኳር ድንችም እንደዚሁ። ማንጎን ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባል ነፍሳት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከምሥራቅ ወለጋ ተነሥቶ አጥቅቶታል፤ ቢሆንም አነስተኛ ማሳ ያለው ገበሬ ዛፉ ትልቅ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይረጭም። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ በአቮካዶ ላይ የኦርጋኒክ ዋጋ አትክፈሉ። ለቅጠላ ቅጠልና ለቲማቲም ክፈሉ።


እናት አለም | ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

የመጨረሻው አንቀጽህ ለእኛ ለቤት እመቤቶች ትልቅ ነገር ነው ወንድሜ። እግዜር ይስጥህ።


የላብራቶሪዋ | ማክሰኞ ከሰዓት 7፡20

ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሁሉም ስለ ርጭት ሲጽፍ ስለ ውሃው ማንም አላነሣም።

በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር ለብዙ ዓመታት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት ሲመረት ኖሯል። ወንዙ ከቆዳ ፋብሪካና ከሌላውም ፋብሪካ የሚወጣውን ፍሳሽ፣ የከተማውንም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። በዚህ ውሃ የሚበቅለው ቅጠል ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እነዚህን በማጠብ አታስወግዷቸውም፤ በሥሩ ገብተው ቅጠሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ ገበሬ ምንም ሳይረጭ፣ ማዳበሪያ ሳይጨምር በዚያ ውሃ ቢያለማ «ያለ ኬሚካል ነው» ማለት ይችላል፤ እኔ ግን ለልጄ አልሰጥም። ስለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ፦ በምን ውሃ ነው ያደገው? የጉድጓድ፣ የዝናብ፣ ወይስ የወንዝ? የወንዝ ከሆነ የትኛው?

ሌላው «አረንጓዴ ጁስ» የሚባለው ነው። ጥሬ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ዝንጅብል፣ ፖም አንድ ላይ ተፈጭቶ ይጠጣል። ጎመንን ቀቅለን ስንበላ እሳቱ ብዙ ነገር ይገድልልናል። ጥሬውን ስንጠጣ የሚጠብቀን እጥበቱ ብቻ ነው። በፍግ የበቀለ ቅጠል ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በደንብ ያልበሰበሰ ፍግ የአንጀት ትላትል እንቁላልና ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ጃርዲያና አሜባ ይዞት ወደ እኛ የሚመጣ ሰው «እኔ እኮ ጤነኛ ነገር ነው የምጠጣው» ሲለኝ አዝናለሁ። የምትጠጡበት ቤት ቅጠሉን በሚወርድ ውሃ እያገላበጠ ያጥበዋል ወይስ በአንድ ሳፋ ውሃ ጠዋት የነከረውን ማታ ድረስ ያወጣል? በውሃ አጋር ወይም በሌላ ክሎሪን በመመሪያው መጠን ያክመዋል? በረዶው ከምን ውሃ ነው? መፍጫው በየመሃሉ ይታጠባል? ባንኮኒው ላይ ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁን ብቻ ብትከፍቱ ግማሹን ታያላችሁ።


ጡረተኛው | ማክሰኞ ከሰዓት 9፡10

ልጆቼ፣ እኔ ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ ለስላሳ መጠጥ ከከለከለኝ ወዲህ ቤቴ አጠገብ ካለ አንድ ጁስ ቤት ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ። ቡና ቤት ጭስ አለ፤ ይሄኛው ፀጥ ያለ ነው፣ ልጆቹም ሰው አክባሪ ናቸው። «አባባ፣ ይሄ በማር የጣፈጠ ስለሆነ ለስኳር በሽታ አይጎዳም፣ ኦርጋኒክ ነው» ብለውኝ የማንጎ ጁስ በማር ስጠጣ ከረምኩ። ስለካ ስኳሬ ሰማይ ነክቷል። ልጆቹ በክፋት አይመስለኝም፤ የተባሉትን ነው የሚደግሙት። የላብራቶሪዋ ልጄ፣ ለእኔ ዓይነቱ ምን ትመክሪያለሽ?


የላብራቶሪዋ | ማክሰኞ ማታ 1፡05

ጋሼ፣ እንኳን ደህና ሆኑ። መጀመሪያ ይህንን ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ መድኃኒቱን በዚያ ልክ ያየዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርንም፣ የፍራፍሬ ጁስንም ከተጨመረ ስኳር ጋር በአንድ መደብ ነው የሚቆጥራቸው። በቀን ከምንወስደው ጉልበት ከእነዚህ የሚገኘው ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። ማንጎውን በቢላዋ ቆርጠው ሲበሉ አሰሩም አብሮት ነው፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቶሎም ያጠግባል። ጁስ ሲሆን የሁለት ሦስት ፍሬ ስኳር በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ኦርጋኒክ መሆኑ በዚህ ላይ ምንም አይለውጥም።

ከጓደኞችዎ አይለዩ። አቮካዶ ስኳሩ በጣም ትንሽ ነው፤ ያለ ስኳር፣ ያለ ማር፣ ያለ ቪምቶ፣ ሎሚ ብቻ ተጨምሮበት በትንሽ ብርጭቆ ይዘዙ። ያልጣፈጠ ተልባም አለ። ለልጆቹም ደግሞ እባክዎን ይንገሯቸው፤ ነገ ሌላ አባት ይመጣል።


ኡሙ ሐያት | ማክሰኞ ማታ 2፡30

እኛ ሰፈር ያለችው ሱቅ በረመዳን ወር ከመግሪብ በፊት የልጆቹን ጁስ ክዳን ባለው ዕቃ አዘጋጅታ ትጠብቀናለች። የራሳችንን ማሰሮ ይዘን ከሄድን ደግሞ ትቀንስልናለች፤ ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ይህ ትልቅ ነገር ሆኗል። በዐቢይ ጾም ጊዜ ደግሞ ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ወተት የነካውን መፍጫ ለብቻ ታስቀምጣለች። አንዷ እናት «ጾመኛ ነኝ» ስትላት አዲስ መፍጫ ስታወጣ አይቻለሁ። እምነት የሚገነባው እንዲህ ነው። ዋጋዋ ትንሽ ይወደዳል፤ እኔ እከፍላለሁ።


የጀሞ ባለሱቅ | ማክሰኞ ማታ 4፡00

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ከባንኮኒው ወዲያ ያለሁ ነኝ፤ ጀሞ አካባቢ እንዲህ ያለ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከእኛ በኩል ያለውን ልናገር።

ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት የማመጣው ሱሉልታ አካባቢ ኮምፖስት ከሚሠሩ ገበሬዎች ነው። ብዛቱ ትንሽ ነው። ለትንሽ ጭነት መኪና ሲያዝ ኪራዩ በእያንዳንዱ እስር ላይ ይወድቃል። ሐሙስ የመጣው ቆስጣ ቅዳሜ ማታ ይጠወልጋል፤ የተጣለው ዋጋ በተሸጠው ላይ ነው የሚመጣው። መብራት ሲሄድ ፍሪጅ ውስጥ የተከተፈው ፓፓያ ይደፋል። አቆይቼ ልሽጠው ብል የሰው ሆድ ነው። ትርፍ የለኝም አልልም፤ አለኝ፣ ልጆቼን የማስተምረው በዚያ ነው። ነገር ግን አንድ ተኩል እጥፍ ያለችው እህቴ ልዩነቱ ሁሉ ኪስ የሚገባ እንዳይመስላት።

ሙዙን ላንሣ፣ ማንም ስላላነሣው። ከአርባ ምንጭ አረንጓዴውን ይመጣል። ብዙ ቦታ የሚበስለው በታሸገ ክፍል ውስጥ ነጭ ጋዝ እያቃጠሉ በጭሱ ነው። ልጣጩ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፤ ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት ግን አንዳንዴ የጋዙ ሽታ ይቀራል። እኔ አረንጓዴውን ገዝቼ ከበሰለ አቮካዶ ጋር በካርቶን እዘጋዋለሁ። ቀን ይፈጃል፤ እኩል አይበስልም፤ ነጠብጣብ ያወጣል። ደንበኛ ገብቶ «ሙዝሽ አያምርም» ብሎኝ ይወጣል። ጎመኑም እንደዚሁ ነው፤ ትል የቀመሰው ቅጠል ሲያዩ ይመልሱታል። ያልተረጨ የሚፈልግ ሰው ቀዳዳ ያለውን ቅጠል እንዲወስድ እለምናለሁ። እኛ ቀዳዳ የሌለው ብቻ የሚሸጥልን ከሆነ ገበሬውም ተመልሶ ወደ መርጫው ነው የሚሄደው።

አቮካዶ በጣት መጫን ደግሞ ይቅር። የተጫነው ሁሉ በማግስቱ ጠቁሮ ለጁስ እንኳ አይሆንም። ጠይቁኝ፣ ለዛሬ የሚሆነውንና ለነገ የሚሆነውን ለይቼ እሰጣችኋለሁ።

ስለ ታፔላው፦ የእኔ ታፔላ «የጓሮ አትክልት» ነው የሚለው። «ኦርጋኒክ» ብዬ አልጻፍኩም፤ መርምሮ ወረቀት የሰጠኝ አካል የለም።


ሳሪስ አቦ | ማክሰኞ ማታ 4፡25

እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ያኔ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም ነበር። ነገር ግን አቋሜን አልለወጥኩም። ወረቀት የሌለው ሱቅ ሁሉ ያንን ታፔላ ማውረድ አለበት። የገርጂዋ ሱቅም ጭምር።


ከሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ ጠዋት 12፡50

ሰላም ከወዲህ ማዶ። እዚህ ሜሪላንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ አትክልቱን የምቀበለው እኔ ነኝ። እዚህ ያለውን ሥርዓት ልንገራችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የግብርና መሥሪያ ቤቱን የኦርጋኒክ ማኅተም ለመለጠፍ መሬቱ ከለቀማው በፊት ለ3 ዓመት የተከለከለ ነገር ያልነካው መሆን አለበት። ያልበሰበሰ ፍግ የተጠቀመ ገበሬ፣ አፈር የሚነካ ምርት ከሆነ ከመልቀሙ 120 ቀን በፊት፣ አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን በፊት መጨመሩን ማቆም አለበት። የላብራቶሪዋ እህቴ ያነሣችው ነገር ሕግ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው። በየዓመቱ መርማሪ ይመጣል፣ መዝገብ ያያል። በዓመት ከ5,000 ዶላር ያልበለጠ የሚሸጥ ትንሽ ገበሬ ከምስክር ወረቀቱ ነጻ ነው፤ ሕጉን ጠብቆ «ኦርጋኒክ» ማለት ይችላል፣ ማኅተሙን ግን አይለጥፍም።

ከኢትዮጵያም የኦርጋኒክ ምስክር ያለው ቡና ይመጣልናል። ለውጭ ገዢ የሚመረመረው ገበሬ ለአዲስ አበባ እናት የማይመረመርበት ምክንያት አይታየኝም።


የሕግ ተማሪ | ረቡዕ ጠዋት 3፡30

አገራችን ሕግ የላትም እንዳይባል። «የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998» አለ። የወጣው ለኦርጋኒክ ምርት ሥርዓት ለማበጀት ነው። ችግሩ ጉሊትና ሰፈር ሱቅ ድረስ አለመውረዱ ነው። ለዕለት ተዕለት ገዢ የበለጠ የሚጠቅመው «የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006» ነው፤ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፣ አሳሳች ማስታወቂያም የተከለከለ ነው። ከአትክልት ተራ የመጣን ቲማቲም «ያለ ኬሚካል የበቀለ» ብሎ መሸጥ በዚህ ያስጠይቃል። ሳሪስ አቦ ላይ የደረሰው ነገር ደረሰኝ ቢኖረው ኖሮ ለንግድ ቢሮ አቤቱታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቁ፤ በቴሌብር ከከፈላችሁም መልእክቱን አታጥፉ።


ከዝዋይ | ረቡዕ ከሰዓት 6፡40

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ማምረት እዚህ አገር አዲስ ፋሽን አይደለም። የሥነ ዕፅዋት ባለሙያዎቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር በኮምፖስት የሠሩት ሥራ አለ። አፈሩ የተጎዳ፣ ዝናቡ ያነሰ ቦታ ላይ ነው የጀመሩት፤ ምርቱም ጨምሯል። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ. በ2000 ትክክለኛ ኑሮ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የጀሞዋ እህታችን የምትገዛቸው የሱሉልታ ገበሬዎች ኮምፖስት የሚሠሩ ከሆነ እውቀቱ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። የጎደለው በገበሬውና በደንበኛው መካከል የሚቆም፣ ያየውን የሚናገር ሰው ነው።


ስፕሪስ ወዳጅ | ረቡዕ ከሰዓት 7፡15

የገርጂዋ፣ ባለሱቋን አነጋገርሻት?


የገርጂዋ | ረቡዕ ማታ 1፡50

አነጋገርኳት። ይህንን ሁሉ ስልኬ ላይ እያወረድኩ አስነበብኳት። ስለ ስኳሩ ወዲያው ተስማማች፤ ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ «ስኳር ይጨመር?» ብለው ሊጠይቁ ነው፣ ማር ለስኳር በሽተኛ ይሆናል ማለትም ቀርቷል። የጎመኑን ውሃ ጠየቅኳት፤ የሆለታው የጉድጓድ ውሃ ነው አለች። ሰላጣውን ግን አታውቅም። ለሰሌዳው «ውሃ» የሚል መስመር ልትጨምር ነው፤ ያላወቀችውን «አልታወቀም» ብላ ትጽፋለች። የመቂውን ገበሬ ስልክ ስለሌላት የመጨረሻውን ርጭት ቀን መናገር አልቻለችም፤ ከደላላው ወስዳ ልትደውልለት ነው።

ታፔላውን በተመለከተ ተከራከረችኝ። «ካወረድኩት ከሌላው አትክልት ቤት በምን እለያለሁ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ኪራይ አለባት። እኔ ደግሞ ሰው የሚመጣባት ለሰሌዳዋ ነው ብዬ አምናለሁ። የሳሪስ አቦን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ገና አልወሰነችም።

አረንጓዴ ጁሱን በጥሬ ሰላጣ መሥራት አቁማለች፤ አሁን በኪያር፣ በአናናስና በዝንጅብል ነው።


እናት አለም | ረቡዕ ማታ 2፡20

ለባለሙያው ወንድሜ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። እኔ ያለሁበት እንዲህ ያለ ሱቅ የለም፤ ከጉሊት ነው የምገዛው። ቲማቲሙን ምን ላድርገው? ጎረቤቴ በኮምጣጤ ትነክራለች፣ እህቴ በጨው።


ከዝዋይ | ረቡዕ ማታ 2፡55

እህቴ፣ በመጀመሪያ በሚወርድ ውሃ እያሸሽ እጠቢው፤ ዋናው ሥራ የማሸቱ ነው፣ ኮምጣጤውና ጨው ከዚያ በኋላ የሚጨምሩት ብዙ አይደለም። እንደ ማንኮዜብ ያለው መድኃኒት ፍሬው ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ማጠብና መላጥ ብዙውን ይቀንሳል። ነጭ ዱቄት መስሎ እግሩ ሥር የሚታየውን በደንብ አስለቅቂው፣ እግሩን ከነዙሪያው ቆርጠሽ ጣዪው። ወደ ተክሉ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ግን አለ፤ እሱ በመታጠብ አይወጣም። ለሕፃን የምትሰጪው ከሆነ ላጪው። ለወጥ ሲሆን ፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ብታቆዪው ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል፤ ውሃውን ድፊው፣ መልሰሽ ወጡ ውስጥ አታግቢው።